ያልቆጠርኩት ደረጃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ሸኘኝ። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ ንግግርም ተደረገ። በእንዲህ ያለ ቀን የሚነገረው ሁሉ ውሸት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉም እውነት እንዳልሆነ ደግሞ አብልጬ አውቃለሁ። ተናጋሪው ባልደረባዬ ሞቅ ሲለው «እኒህ ሰውዬ እኮ» አለ፣ «አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ አልነሣም፣ አልበላም ብላ ስታስቸግር ማር አስቀምሰው የጡት ልጅ ያደረጉ ናቸው! እንዲህ ያለ ዘዴኛ ከወዴት ይገኛል?» ሰው አጨበጨበ። እኔም እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ ፈገግ አልኩ። ባለቤቴ ዘነቡ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር፤ አላጨበጨበችም።

ቤት ስንገባ ጋቢውን አጣጥፋ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችና «ማር ያስቀመስካት ልጅ የት ነው ያለች?» አለችኝ።

«የቷ?» አልኩ። የቷ እንደሆነች ግን አሳምሬ አውቅ ነበር።

«ያንተ የጡት ልጅ የኔም ልጅ ናት። እኔ ስለምን አላወቅሁም?»

በትዳራችን ዘመን ለዚህች ሴት መልስ አጥቼ አላውቅም፤ መልስ ባጣ እንኳ ቁጣ አላጣም ነበር። ያን ቀን ሁለቱም አልመጡልኝም። የሥራ ዘመንህን ትዝታ ጻፍ እያሉ የወተወቱኝ ወዳጆቼ ስለ ተራራውና ስለ ጎርፉ፣ ስለ ደጉና ስለ ክፉው አለቃ እንድተርክላቸው ጠብቀው ይሆናል። እኔ የምጽፈው ግን ዘነቡ ለጠየቀችኝ ነገር መልስ ነው።

ሥራውን የያዝኩት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበርኩ። አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ አንድ ድርጅት በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ሥራ ሲጀምር ደመወዙ ከማስተማሩ ስለሚሻል ገባሁ። ርኅራኄ ነው ያስገባኝ ብል እዋሻለሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጋይንት ነበር፤ ሥራዬ በየቀበሌው እየዞርኩ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ የተሳነውን ሰው መመዝገብ ነው። ገበሬው ደግ ነው፤ ቆሎውንም ጠላውንም ያቀርብልሃል። «ዓይነ ስውር አለ እዚህ ቤት?» ስትለው ግን «ተመስገን፣ የለም» ይልሃል። ይህን እያለህ ጓዳው ውስጥ ሰው ይስላል። አንተም ሳሉን እንዳልሰማህ ሆነህ ጠላህን ትጠጣለህ፤ በሦስተኛው ጉብኝት ምናልባት ጓዳው ይከፈታል።

ሥራውን ያስተማሩኝ የድርጅቱ መጻሕፍት አይደሉም፤ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋው፣ ድጓውን እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ተቀምጠው በጆሮ ብቻ የዘለቁ ሊቅ ነበሩ። ድርጅቱ አማካሪ አድርጎ ወሰዳቸው። ገና የተዋወቅን ዕለት መንገድ ላሻግራቸው ብዬ እጃቸውን አፈፍ አደረግሁና ጎተትኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ማነህ?»

«የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ፣ መሪጌታ።»

«ስም የለህም? በሬ እንኳ ሲጠመድ በስሙ ይጠራል።»

ከዚያ እዚያው መንገድ ዳር አቁመው አስተማሩኝ። ዓይነ ስውር ወዳለበት ስትመጣ ከበሩ ቆመህ ስምህን ጥራ። እጁን አትያዝ፤ በእጅህ ጀርባ የእጁን ጀርባ ነካ አድርገህ ክንድህን ስጠው፣ የሚይዘው እሱ ነው። ግማሽ እርምጃ ቅደመው። ደረጃ ጋ ስትደርስ ቁም፤ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች፣ ስንት እንደሆነ ንገረው። «አንዲት ደረጃ ብትዋሸው» ይሉ ነበር፣ «ሌላውን መቶ እውነትህን አይሰማህም፤ አለመስማቱም ደግ ነው።» ስትለየው ደግሞ ግድግዳ አስይዘህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ሄድኩ» በለው። ሳይነገረው ሜዳ ላይ ለተተወ ዓይነ ስውር ምድር ሁሉ ገደል ነው አሉኝ።

መሪጌታ የረገጡትን ሁሉ ይቆጥራሉ። ከቅጽሩ በር እስከ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ከጉድጓዱ እስከ ማድቤቱ በእርምጃ ያውቁታል። «ቤቴ ይምጡ» ላላቸው ሰው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ቤትህ ስንት ደረጃ አለው?» ይሉታል። የሚሄዱት ከተነገራቸው በኋላ ነው። አንድ ቀን እኔንም ጠየቁኝ። «ሁለት ይሁን ሦስት፣ ምን ያደርግልዎታል? ቤቴን ሊገዙኝ ነው?» ብዬ ቀለድኩ። «ሳትቆጥር ነው የምትወጣ የምትወርደው?» አሉ። እኔም ያን ጊዜ በሳቅ አለፍኩት።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ድርጅቱ መካነ ኢየሱስ ላይ መኖሪያ ሠራ። እኛ «ግቢው» እንለው ነበር። ከሦስቱም አገር መሄጃ ያጡ ተሰባስበው ይኖሩበታል፣ ይማሩበታል፤ መሪጌታ አስተማሪ፣ እኔ የመኖሪያው ኃላፊ ሆንን። ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ፣ ከመጸዳጃ እስከ ማድቤት ገመድ ዘርግተን ነበር፤ አንድ ቋጠሮ ከተዳሰሰ መኝታ ቤት፣ ሁለት ከሆነ ማድቤት ነው። በርጩማ ከቦታው ያንቀሳቀሰ ሠራተኛ ከመሪጌታ የሚሰማውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ግማሹ ግዕዝ ነበር።

ያቺን ዓይነ ስውር ልጅ፣ ያልጋነሽን፣ ያመጣት አጎቷ አያ ሙጬ ነው። ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ ካለ አገር በበቅሎ አፈናጥጧት መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አባትና እናቷ ሞተዋል። ከጓዳ ወጥታ ስለማታውቅ እግሯ እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል። አንድ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ሰው ሳለ አትበላም፣ አትነሣም። ክንዴን በሰጠኋት ቁጥር «እኔ ላንቱ ምንዎ ነኝ?» ትለኛለች። «ሰው የሚመራው ዘመዱን ነው። ባዳ መርቶ መርቶ ይጥላል።»

«ጠብቃት» አሉኝ መሪጌታ። «ጥጉ ሲሰለቻት ትነሣለች።»

እኔ ግን መጠበቅ አልፈለግሁም። ሪፖርት የሚላክበት ጊዜ ደርሷል፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል፤ እንግዶቹ ስትራመድ እንዲያዩዋት ፈለግሁ። እናም በአገራችን ልማድ ዘመድ የሌለው ዘመድ የሚያገኝበት መንገድ ትዝ አለኝ። ሽማግሌ ባለበት፣ መሐላ ተምሎ፣ ከአንድ ሰው አውራ ጣት ማር የቀመሰ ልጅ የዚያ ሰው የጡት ልጅ ይሆናል፤ ከሆድ ልጅ አይለይም። ከማድቤት በሲኒ ማር አስመጣሁ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከጎረቤት ጠራሁ። አውራ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነክሬ ከከንፈሯ አስነካኋት። «አባትሽ ነኝ፤ ብክድሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብዬ ማልኩ።

ከበስተኋላ መሪጌታ ሳቃቸውን ለቀቁት። «የኔን ግንባር ካደረገው ስንት ዘመኑ፤ እሷ ፊት የምትምለው ሌላ አጣህ?» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፣ ያልጋነሽም ሳቀች። ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን መጀመሪያ ነው።

ሰዉ ሲበተን ግን መሪጌታ ጠሩኝ። «ለሚስትህ ነግረሃል?»

«እነግራታለሁ።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። አንተ ዛሬ ቃሉንም ልጁንም አንድ ላይ ነው ያሰርካቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው አይቆምልህም።»

በማግስቱ ጠዋት ያልጋነሽ ተነሥታ ክንዴን ያዘች። እኔ ሪፖርቱ ላይ «በባህላዊ ዘዴ በመጠቀም አመኔታዋን ለማግኘት ተችሏል» ብዬ ጻፍኩ። አለቆቼ ወደዱት፤ በየሥልጠናው እየተነሣ ይወራ ነበር። ለዘነቡ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ረሳሁት፤ ቀጥሎ ስለቆየ አፈርኩ፤ በመጨረሻ አሁን ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ ተውኩት።

ያልጋነሽ አንቱ ማለቱን ተወች፤ «አባዬ፣ አንተ» ሆነ። በትሯን ከቀርከሃ ቆርጬ፣ በፍርምባዋ ልክ ለክቼ፣ ጫፉን ቆርቆሮ አለብሼ እኔው ሠራሁላት። ባደገች ቁጥር አዲስ እየቆረጥኩ አራት በትር ለወጥኩላት። ግራ እግር ሲነሣ በትሩ ወደ ግራ፣ ቀኝ ሲነሣ ወደ ቀኝ፤ እግር ከመድረሱ በፊት በትሩ ቦታውን ቀድሞ ያየዋል። ቅዳሜ ገበያ ብቻዋን መሄድ ቻለች። የወፍጮው ድምፅ በግራ ሲቀር፣ ከዚያ የልኳንዳው ሽታ፣ ከዚያ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና፤ እዚያ ስትደርስ ጥጥ ተራ ነው። ግቢው ውስጥ የተማረችው ፈትሏ እኩል ስለነበር ሸማኔዎች ቀድመው ይይዙት ነበር። እኔም አባት ነኝና ኮራሁ።

ቤቴ ከወፍጮው ጀርባ ነው። ያልጋነሽ በየቅዳሜው በአጥሬ ሥር እየቆጠረች ታልፍ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ግቢ» አላልኳትም። «አባዬ፣ እማዬ ደኅና ናት?» ስትለኝ «ደኅና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» እላታለሁ። ያላየቻትን እናት ሰላምታ እየፈጠርኩ ወስጄ እሰጣት ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

መሪጌታ ግቢው ከመዘጋቱ በፊት አረፉ። እግዜር የወደዳቸው በዚያ ነው፤ የሠራሁትን አልሰሙም።

ከዚያ የመዝጊያው ደብዳቤ መጣ። ሰው ከወገኑ ተነጥሎ በአጥር ውስጥ መኖር የለበትም፣ ከእንግዲህ እርዳታው ቤቱ ድረስ ይሄድለታል ይላል። እንደ ሐሳብ አልጠላሁትም፤ ዛሬም አልጠላውም። አንድ እግሩ የማይሠራ ጫማ ሰፊያችን አገሩ ገብቶ አግብቶ ወልዷል፤ ግቢው ቢኖር ይህን አያገኝም ነበር። ሐሳቡ ትክክል መሆኑ ግን እኔን ትክክል አያደርገኝም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅጽ ይሞላል፤ ስም፣ ተቀባይ ቤተሰብ፣ ዝምድና፣ ፊርማ።

ከደብረ ታቦር የተላከችው አስተባባሪ ወይዘሪት ሰላማዊት ወጣት ግን ጨዋ ነበረች። እኔና እሷ ጠረጴዛ ዘርግተን አንድ በአንድ እንጠራለን። የያልጋነሽ ተራ ደረሰ።

«ተቀባይሽ ማነው?» አለቻት።

«አባዬ ነው።»

«አባትሽ ሞተዋል ይላል እኮ ወረቀቱ።»

«ይኸው አይደለም እንዴ አጠገብሽ ያለው?» አለችና እጇን ቀጥ አድርጋ ዘረጋች። ቃል አልተነፈስኩም ነበር፤ ጣቷ ግን ደረቴ ላይ ነው ያረፈው።

ወይዘሪት ሰላማዊት ዞር ብላ አየችኝ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ነው። «እውነት ነው ጋሼ?» አዎ ብል ልትጽፈው እንደነበር አውቃለሁ፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። እኔ ያሰብኩት ምንም ያልሰማችውን ዘነቡን ነው፣ የጎረቤትን አፍ ነው፣ «በስተርጅና ከወዴት አመጣት?» የሚለውን ነው።

«እሱ እንኳ... ባህላዊ ዘዴ ነበር» አልኩ። «ሪፖርቱ ላይ ተጠቅሷል።»

የተዘረጋው እጇ ጥቂት አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጉልበቷ ላይ አረፈ። አላለቀሰችም። «እሺ» ብቻ አለች። ተቀባይ በሚለው ላይ የአያ ሙጬ ስም ተጻፈ።

ያደረስኳት እኔ ነኝ። እስከ ወገዳ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግር። ክንዴን ያዘች። ባትይዘው ይሻለኝ ነበር። ድንጋዩን፣ ጅረቱን፣ ቁልቁለቱን አንድ ሳላስቀር በእውነት ነገርኳት፤ እስከ በሩ ድረስ በሥራዬ የተሳሳትኩት ነገር አልነበረም። አያ ሙጬ በደስታ ተቀበለን። «የወንድሜ ልጅ ናት፤ እኛ የበላነውን ትበላለች» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ሥርዓቱ አንድ ሳምንት እዚያ ቆይቼ በትሯን ይዛ አካባቢውን እንድታውቅ፣ እነሱም አመራሩን እንዲማሩ ማድረግ ነበር። እኔ ያን ዕለት መመለስ ፈለግሁ።

ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። «ሄድኩ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበረች ቃሏ።

«መጣሁ» አልኳት፤ ለደቂቃ ወጣ ብሎ እንደሚመለስ ሰው።

«እሺ አባዬ።»

ከዚያ በአጥሩ ጥግ፣ ድንጋዩን ትቼ ሣሩን እየረገጥኩ ወጣሁ። ዓይነ ስውር እንዳይሰማው አድርጎ መራመድ እንደኔ የሚያውቅበት የለም፤ የሚሰሙትን ሳጠና ነው የኖርኩት።

ድርጅቱ እኔን አላሰናበተኝም፤ ቤት ለቤት የሚሄደው ሥራ ላይ አዞረኝ። ስማዳን ሲሰጡኝ «የወገዳን መንገድ ጉልበቴ አይችለውም» ብዬ ወደ ጋይንት አስቀየርኩ። ከዚያ የባሰውን የጋይንት ዳገት ግን ስድስት ዓመት ወጣሁበት፤ ጉልበቴ አንድ ቀን አላመመኝም።

ከሽኝቱ ጥቂት ቀን በኋላ ይህን ሁሉ ለዘነቡ ነገርኳት። ፍርዷን ስጠብቅ «እኔ ምን አገባኝ» አለች። «ተነሥና ሂድ፤ እሷ ትፍረድ።»

ሄድኩ። የአያ ሙጬ አጥር ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት በትሯን ነው። የጥጃው ጋጣ መወርወሪያ ሆኖ ተሸጉጧል፤ ጫፉ ላይ የራሴ ቆርቆሮ አለ። እሷ ከጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። እግሯ እንደ መጣች ጊዜ ቀጥኗል።

አያ ሙጬ ከማሳው ሲመጣ በትሩን እያየሁ መቆሜን አስተዋለ። «ገደሉ ቅርብ ነው ጌታዬ» አለኝ። «ወጥታ ብትወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው? አስቀመጥናት እንጂ አልበደልናት።» እውነቱን ነው። እሱን ማስተማር የኔ ሥራ ነበር፤ ጥዬው የሸሸሁት ሳምንት ይህን ሆኖ ጠበቀኝ።

ከአጥሩ በር ቆሜ ስሜን ጠራሁ። አባትሽ ነኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም፤ ስሜን ብቻ። እንዝርቱ ቆመ።

«ቆዩሳ» አለችኝ። አንቱ ነው ያለችኝ።

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «በድዬሻለሁ» አልኳት። «ልወስድሽ ነው የመጣሁት። ወደ ቤቴ።»

እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «ባለቤትዎ ያውቃሉ?» አለች።

«ገና ሰሞኑን ነው ያወቀች።»

«ሰላም ብላሻለች ይሉኝ የነበረው?»

«ውሸት ነው።»

የምታውቀውን እንደ ነገርኳት ራሷን ነቀነቀች። ፈትሉን በጣቶቿ እየዳበሰች «ቤትዎ ስንት ደረጃ አለው?» አለችኝ።

ሁለት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። ሃያ ዓመት ወጥቼ የወረድኩበት ደረጃ ነው። የስንቱን ቤት፣ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ለሰው አስቆጥሬያለሁ፤ የራሴን አላውቀውም። መሪጌታ ሲጠይቁኝ የሳቅሁት ሳቅ ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«አላውቅም» አልኳት።

«እንግዲያ ቆጥረው ይምጡ» አለች። እንዝርቷን ዳግመኛ አሾረች።

አያ ሙጬን አስፈቅጄ በትሩን ከጋጣው አወጣሁ፤ በቦታው የጥድ እንጨት ሸጎጥኩ። አጥቤ በእጇ ሰጠኋት፤ ግድግዳውን መያዟንም አየሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሄድኩ» አልኳት። ፊቷ በእግሬ ድምፅ አቅጣጫ ሲዞር አየሁ። ድንጋዩን እየረገጥኩ ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ከበራፉ በታች ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩና ወጣሁ። ሦስት ነው። ዘነቡ በሩ ላይ ሆና ታየኛለች።

«ሦስት ነው» አለች። «የታችኛው ይነቃነቃል። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ድንጋዩን ፈንቅዬ ሥሩን በጠጠር ሞላሁት። መልሼ ብረግጠው አሁንም ትንሽ ይነቃነቃል። ነገ ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና አለ። ከአጥሩ በር ቆሜ ስሜን እጠራና፣ ሦስት ነው፣ የታችኛው ይነቃነቃል እላታለሁ። መምጣቷንም መቅረቷንም እሷ ትወስን፤ እኔ እንድወስን የተሰጠኝን ቀን ከዚያ ወረቀት ፊት ተቀምጬ ጨርሼዋለሁ።